ጆሮ የበዛበት ደረት

ውድ ወንድሜ ሚፍታ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ሰንብተሃል» ይባላል፤ እኔ አንተን እንዲህ ብዬ ልጠይቅህ አልችልም። ከሞትክ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው። ደግሞ እንዳትስቅብኝ። «ሩዋይዳ አበደች፣ ለመቃብር ትጽፋለች» ትል ነበር፤ አፍህ መቼ ያርፍና! ግን ለማን ላውራ? እማዬ ስምህን የሰማች እንደሆን የያዘችውን ጥላ ወደ ጓሮ ትወጣለች። አባባ ፊት ያንተን ነገር ማንሳት አይቻልም። ሰኢድ ገና ልጅ ነው። በሆዴ የያዝኩት ነገር ደግሞ ሰሞኑን እያነቀኝ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብለህ ስማኝ። አሁን እንኳ አታቋርጠኝም።

ነገሩ የሰኢድ ነው። ትንሹ ወንድማችን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ብታየው አታውቀውም። ባንድ ክረምት ተመዞ ሱሪው ሁሉ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል። ዩኒፎርም የምትሰፋ እህት ባትኖረው ኖሮ ምን ሊለብስ እንደነበር እንጃ። እና ይሮጣል። አዎ፣ እሱም ይሮጣል፤ አንተ ትሮጥበት በነበረው አስፋልት ዳር፣ ባንተው ጫማ። እኔ አልሰጠሁትም። ራሱ ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣው፤ ሰፋ ሲለው ካልሲ ደርቦ አደረገው። ምን እላለሁ?

አባባ ከልምምድ ስትመለስ እንዴት እንደሚቀበልህ ታስታውሳለህ አይደል? በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ገና ሳትቀመጥ ሹራብህን ወደ ላይ ሰብስቦ ጆሮውን ደረትህ ላይ ይለጥፋል። ዓይኑን ይጨፍንና፣ «ኦኔ! ልብ ማለት ይሄ ነው!» ይላል። በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር። ሱቃችን የውሃ ፓምፕ ሊያሠራ የመጣውን ሰው ሁሉ ይጠራል፤ «ና፣ ጆሮህን አድርግ! ይሄ ልብ ነው ወይስ ሞተር?» ከኦጎልቾ የሚመጡት የሽንኩርት ገበሬዎች፣ እጃቸው ግራሶ እንደነካ፣ ተራ ይዘው ያዳምጡህ ነበር። «ማሻአላህ ኦቦ ጅብሪል፣ ይሄስ ዓለም ያንሰዋል» ይላሉ። አንተ ደግሞ ደረትህን ነፍተህ ቀጥ ትላለህ፤ ጉረኛ!

እኔም አዳምጬሃለሁ፤ አልክድም። ስፌቴን ትቼ መጥቼ ጆሮዬን ሳደርግ ደረትህ ጆሮዬን ይገፋው ነበር። ታምር ነው ያልኩት። እዚህ አገር ልጅ እግር ካወጣ ጀምሮ ይሮጣል፤ አባት የሆነ ሁሉ የሚመኘው ሯጭ ልጅ ነው። እንዲህ የሚደልቅ ልብ ያለው ልጅ ታድሏል እንጂ ታሟል የሚል ማን አለ? ማንም። የሰፈሩ ልጆች «ሞተሩ» ብለው ስም አወጡልህ፤ አንተም ወደድከው።

ራስህን እንደሚያምህስ ለማን ነገርክ? ለእማዬ «ፀሐይ መቶኝ ነው» ትላታለህ። ለእኔ ደግሞ፣ «አንቺ ስታወሪ ነው የሚያመኝ።» ሲነስርህ ውሃ አናትህ ላይ ታፈስና አለቀ ደቀቀ። ነጠላ አምጥተህ ግንባርህን በኃይል እንዳስርልህ ታደርገኝ ነበር፤ «ጠበቅ፣ ጠበቅ አድርጊው እንጂ፣ ምን ሆነሻል» እያልክ። ያሰርኩበት እጄ አሁንም ያስታውሰዋል።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ነገር አላረዝመውም፤ አንተም ነበርክበት። ከሩጫ ገባህ፤ አባባ አዳመጠህ፤ ቱቦ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሰዎች አዳመጡህ። ቧንቧው ሥር ፊትህን ልትታጠብ ጎንበስ እንዳልክ፣ «ራሴን! ሩዋይዳ፣ ራሴን!» ብለህ ሁለት እጅህን አናትህ ላይ ጫንክ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተናገርክም። ሐኪም ቤት ስንደርስ ግራ ጎንህ ከዳህ። «ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል» አሉን፤ አመሻሹ ላይ አለቀ። ሃያ ዓመትህ ነበር። በነጋታው ስንቀብርህ አባባ መቃብሩ አፍ ላይ ተንበርክኮ በከፈንህ ላይ ጆሮውን ሊያደርግ ሲል ሰዎች ይዘው አነሱት።

ለቅሶ ቤት የሆነውን ግን አታውቅም። ሰው በተሰበሰበበት አባባ ብድግ አለ። «ልጄን ዓይን ነው የበላው» አለ። «ዓይን ብቻም አይደለም፤ ጆሮ ነው የበላው። እኔ ነኝ ደረቱን ከፍቼ ለመንገደኛ ሁሉ ያሰማሁት። ወላሂ፣ ከእንግዲህ የልጄን ልብ የሚሰማ ጆሮ የለም!» ያዳመጡህ ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ አንገታቸውን ደፉ። ማንም «ተው» አላለውም። እኔም አላልኩም፤ ከሐዘኑ ብዛት ነው፣ ይበርድለታል ብዬ ነበር።

አልበረደለትም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሰኢድን ሸሚዝ ጠዋት ጠዋት ራሱ ነው እስከ አንገቱ የሚቆልፍለት። ትምህርት ቤት የጤና ምርመራ አለ ሲባል ቤት ያስቀረዋል። ጉንፋን ሲይዘው ዳማከሴ እንጂ ሐኪም የለም። ሩጫውን ግን አልከለከለውም! ጉድ እኮ ነው። «ሩጥ፤ ግን ሰው ሳያይህ ሩጥ» ይለዋል። አንተን የገደለህ ሩጫው ሳይሆን ያዳመጠህ ሰው ነዋ። ራሱ አባባ እንኳ አንድ ቀን ጆሮውን ሰኢድ ደረት ላይ አድርጎ አያውቅም። የገዛ ጆሮውን ፈርቶታል።

እንዲህ እያለን ነው ዶክተር ኤልሮኢ ሱቃችን የመጣችው። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ወጣት ሐኪም ናት፤ ቀጭን፣ ጥድፍ ጥድፍ የምትል፣ የአሰላ ብርድ ያስመረራት። ነጩን ጋዋኗን እንዳሳጥርላት ነው የመጣችው። ሱቁ እንደምታውቀው ነው፤ በር በሩ ላይ የእኔ የስፌት መኪና፣ ወደ ውስጥ የአባባ ፓምፕና ቱቦ። እጅጌዋን እየለካሁላት ሰኢድ ከትምህርት ቤት ገባ። ነስሮት አፍንጫው ውስጥ ሶፍት ወትፏል፤ አፍኖት ነው መሰለኝ የሸሚዙን ቁልፍ ፈቶታል።

ዶክተሯ አንገቱን ታያለች።

«ሮጠህ ነው የመጣኸው?» አለችው።

«ኧረ በባጃጅ ነው» አለ።

«ታዲያ አንገትህ ላይ ያለው ሥር ለምንድን ነው እንዲህ የሚዘለው?»

ዞር ብዬ አየሁት፤ ክው አልኩ። ያንተ አንገት ነው ሚፍታ። ባየሁት ቁጥር የምስቅበት፣ «እንሽላሊት የዋጥክ ትመስላለህ» የምልህ አንገት። በየቀኑ አብሬው እየበላሁ አላየሁትም፤ ሸሚዙ ተቆልፎ ነበራ።

«ግፊቱን ልለካው፤ ደቂቃ አይፈጅም» አለች ቦርሳዋን እየከፈተች። አባባ ከቱቦዎቹ መሀል ብድግ አለ።

«አይነካም» አለ።

«ጋሽ ጅብሪል፣ ደረቱን አልነካውም። ክንዱን ብቻ ነው።»

«ክንዱም የልቡ ነው። ጋዋንሽ ሲያልቅ ነይና ውሰጂ፤ በዚህ ግን አትምጪብን፣ የኔ ልጅ።»

በትህትና ነው ያላት፤ ግን ፊቱ እንደዚያ ሲሆን ታውቀዋለህ። እሷም ቦርሳዋን ዘጋች። በሩ ጋ ስሸኛት እጄን ይዛ፣ «አምጪልኝ» አለችኝ ቀስ ብላ። ያን ቀን ከአባባ ጋር አልተነጋገርኩም። ቆሽቴ አሯል፤ መቀሱን ሳነሳ ሳስቀምጥ ሱቁ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ጨርቅ ልገዛ ነው ብዬ ሰኢድን ይዤው ሄድኩ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ «እስኪረጋጋ ይቀመጥ» እያለች፣ «ሌላ ቀን ደግሞ እንየው» እያለች አመላለሰችን። በሄድን ቁጥር ያው ነው፤ ከፍተኛ። ሽንቱን መረመረች፣ ኩላሊቱን አየች፤ ምንም የለበትም። በመጨረሻ ሰኢድን ውጭ አስቀምጣ ስለ ቤተሰባችን ጠየቀችኝ። ያንተን ነገርኳት፤ ነስሩን፣ ራስ ምታቱን፣ አዳማጮቹን ሁሉ። ስጨርስ ማዳመጫውን ከአንገቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ስሚኝ ሩዋይዳ» አለችኝ። «ልጅ ሲያድግ ሰውነቱ ሲጨምር ልቡ የሚረጨው ደምም ይጨምራል፤ ያለ ነው። የአንዳንዱ ልጅ ልብ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ይረጫል። ቁጭ ብሎም፣ ተኝቶም። መጀመሪያ ላይ የደም ሥሮቹ ለስላሳ ስለሆኑ ይችሉታል፤ ልጁም ደህና ይመስላል፤ እንዲያውም ከሌላው የበረታ ይመስላል። በዚህ ላይ ዓመት ሲደራረብበት ሥሮቹ ይወፍራሉ፣ ይደድራሉ። ያን ጊዜ ልቡ ቢሰክን እንኳ ግፊቱ አይወርድም። አንዱ ቦታ አልችል ሲል ነው የሚፈነዳው።»

«ሯጭ ስለሆነ አይደለም ልቡ እንዲህ የሆነው?» አልኳት።

«የሯጭ ልብ ሲያርፍ ቀስ ይላል። የሰኢድ ልብ እኮ አያርፍም።»

ትዝ ይልሃል፣ ተኝተህ ብርድ ልብሱ ደረትህ ላይ ይነጥር የነበረው? እኔና ሰኢድ አፋችንን በእጃችን ይዘን እንስቅ ነበር። ያ ነው እንግዲህ። ፊታችን ላይ ነበር፤ ስቀንበት ኖርን።

ከዚያ መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅኳት። «ሚፍታን በሰኢድ ዕድሜ አምጥተነው ቢሆን ኖሮስ?»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «ይሄን ባትጠይቂኝ» አለች።

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«አብዛኛውን ጊዜ ይድናል» አለች። «በኪኒን።»

በኪኒን፣ ሚፍታ። ጠዋት ጠዋት በውሃ የሚዋጥ።

ለሰኢድም ያንኑ ልትጀምርለት ፈለገች፤ ልብን የሚያሰክን ኪኒን። ግን ለዓመታት በየቀኑ የሚዋጥ ስለሆነ አባት ሳያውቅ አይሆንም አለች። እስኪስተካከል ድረስም መሮጥ የለበትም። እሑድ ደግሞ የክለብ መምረጫ ውድድር አለ! አባባ «ሰው ሳያይህ ሩጥ» ቢልም ምኞቱ አይሎበት ለዚያ ውድድር ሲል አዲስ ቁምጣ አሰፍቶኛል፤ ሰኢድ ቁምጣውን አጥፎ ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው። አንተ ሳትደርስበት የቀረኸው ክለብ ነው። የሰኢድን ዓይን ብታየው አንተም አትከለክለውም ነበር።

ለአባባ እንዴት ብዬ ልንገረው እያልኩ ቀናቱ አለቁ። ዓርብ መጣ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዶክተሯ ጋዋኗን ልትወስድ መጣች፤ አባባም ሰላምታዋን በቅጡ ተቀበላት፤ ቂም አያውቅም። በዚያው ሰዓት የኦጎልቾው ቱሳ የተተረተረ ቱቦ በትከሻው ተሸክሞ እየተሳደበ ገባ። አንተን መጀመሪያ ያዳመጠህ ሰው እሱ ነው፤ ታውቀዋለህ።

«ኦቦ ጅብሪል፣ ይሄ ሞተርህ ጉድ ሠራኝ! ሽንኩርቴ ደረቀ!» አለ።

አባባ ቱቦውን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና ተቆጣ። «ሞተሩን አትስደብ! ሞተሩ ምን አደረገህ? ገፋ፤ ሥራው መግፋት ነው። የፈነዳው ቱቦው ነው። አዲስ ሳለ ለስላሳ ነበር፤ እየተነፋም ይችለው ነበር። ይሄው ደድሮልሃል። ነዳጁን ቀንስለት፣ ሞተሩን አለስልሰው ብዬህ አልነበረም? ‹ውሃው ይበርታልኝ፣ ይበርታልኝ› ስትል፤ በርታልህ!»

ዶክተር ኤልሮኢ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አፌን መያዝ አቃተኝ።

«አባባ፣ ሚፍታም እንዲህ ነው የሞተው» አልኩ።

አባባ ከቱቦው ላይ ቀና አለ።

«ጆሮ አይደለም የገደለው። ልቡ ከልጅነቱ ጀምሮ ከልክ በላይ ይገፋ ነበር፤ ሥሩ ደደረ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ፈነዳ። እኛ በርታልን እያልን ስናዳምጥ ነው የፈነዳው። የሰኢድም ያው ነው። ተለክቷል፤ እኔ ነኝ ወስጄ ያስለካሁት። ከፈለግክ ግደለኝ።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። የተተረተረውን ቱቦ እንደያዘ ቆመ፤ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ ዳር እስከ ዳር ሄደበት። ቱሳ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። አንዴ የተናገርኩትን መልሼ ልውጠው ብል የት ይዋጣል?

«ሰኢድ!» ብሎ ተጣራ አባባ።

ሰኢድ ከጓዳ መጣ። ሁሉንም ሰምቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። አባባ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ በሱሪው አደረቀ። ከዚያ ራሱ ጠዋት የቆለፋቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታቸው። ካንተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን የልጅ ደረት ላይ አደረገ። ዓይኑን አልጨፈነም። እኔን እያየ ነው ያዳመጠው።

«ኢሱማ» አለ። ያው ነው ማለቱ ነው። «ያ ረቢ፣ ያው ድምፅ ነው።»

ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞሮ፣ «የኔ ልጅ፣ ቀንሺለት» አላት። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ቀንሺለት።» ያ ሁሉ «ልብ ማለት ይሄ ነው» ያለ ሰው፣ እንደ ለማኝ እጁን ዘርግቶ። ቱሳ የሽንኩርቱን ነገርም ቱቦውንም ትቶ ወጣ። እኔ ጋዋኑን ላጥፍ ብዬ አንስቼ ፊቴን ሸፈንኩበት፤ እንደገና ማጠብ ነበረብኝ።

እሑድ ሰኢድ አልሮጠም። ጫማህን ወርውሮ ጣራ ላይ ጣለው። «አንቺ ቀናተኛ ነሽ፤ ሚፍታም ከኔ ይሻልሽ ነበር» አለኝ፤ እስካሁን በቅጡ አያናግረኝም። ጫማውን አባባ በመሰላል ወጥቶ አወረደው። የሰኢድ የልቡ ግድግዳ ትንሽ ወፍሯል አሉን። «ደርሰንበታል?» ስላት ዶክተሯ፣ «በጊዜ ነው ብዬ ልምልልሽ አልችልም፤ ጊዜው አልፏልም አልልሽም» ነው ያለችኝ። ግፊቱ ሲወርድ ስለ ሩጫው እናያለን ብላለች። እሱ ግን ኪኒኑን ሲውጠው እግሩን የሚውጥ ይመስለዋል። ደረጃ ሲወጣ ደክሞኛል ይላል፤ ይናደዳል፤ ከጓደኞቹ ይሸሻል። አባባ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ፣ አንተን ይጠብቅበት በነበረው ቦታ፣ ውሃና ኪኒን ይዞ ይቆማል። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ዋጥልኝ» ይለዋል። ሰኢድ ፊቱን አዙሮ ይውጣል።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። ትናንት ለሆነው ነው።

ሱቅ ልንዘጋ ነው። አባባ መሬት ተቀምጦ ቱቦ ይጠቀልላል፤ እኔ የስፌት መኪናውን አለብሳለሁ። ቀና ሳይል፣ «ሩዋይዳ» አለኝ።

«አቤት።»

«ያ ኪኒን፣ ለሚፍታም ይሆን ነበር?»

ታውቀኛለህ ሚፍታ፤ እኔ የማልፈራው፣ የመጣልኝን ሰው ፊት የምናገረው። ከነጋዴ፣ ከባለ ባጃጅ፣ ካንተ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩት። የዶክተሯ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

«አይ አባባ» አልኩት። «የሱ ሌላ ነበር። ሐኪሟንም ጠይቄያታለሁ። የሱ የሚመለስ አልነበረም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያ ጆሮ ሁለታችሁንም አዳምጧል። ያው ድምፅ ነው ያለው ራሱ ነው፤ በገዛ አፉ፣ ፊቴ ላይ። እንደዋሸሁት ያውቃል፤ እንደሚያውቅም አውቃለሁ።

«እሺ ልጄ» አለኝ። «እንዲያ ከሆነ ደህና።» ቱቦውን መጠቅለል ቀጠለ፤ ጠቅልሎ ጨርሶ ፈታው፤ እንደገና መጠቅለል ጀመረ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ሰኢድን ለእኔ ተወው። ቢጠላኝም፣ ቢሰድበኝም ኪኒኑን ሳይውጥ ከቤት አይወጣም። ውሸቴን ግን ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም፤ እሷን አንተ ያዝልኝ። ለማንም እንዳትነግር።

አፈሩ ይቅለልህ። ጀነት ያድርግህ።

ግንባርህን ታስርልህ የነበረችው እህትህ፣
ሩዋይዳ ጅብሪል
አሰላ